የሰይጣኖቹ ጭፈራ፦ የሜክሲኮ ጥቁር ሕዝብ ማንነትና ታሪክ በውዝዋዜ ሲነገር

በደቡብ ሜክሲኮ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከአካፑልኮ ወደብ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ኮስታ ቺካ ወይም ትንሹ ጠረፍ እየተባለ የሚጠራ ሞቃትና ቆላማ አገር አለ። በዚህ አገር መንደሮች በየዓመቱ የኦክቶበር ወር አልቆ የኖቬምበር ወር ሲጠባ፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሙታንን በምታስብባቸው ቀኖች፣ «ሰይጣኖቹ» ወደ አደባባይ ይወጣሉ። እነዚህም ያረጀና የተቀዳደደ ልብስ የለበሱ፣ ቀንድ የተተከለበትና ከፈረስ ጭራ የተሠራ ጢም የተንጠለጠለበት ጭምብል ያጠለቁ የመንደሩ ወንዶች ናቸው። በሁለት ረድፍ ተሰልፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ለሙታን መታሰቢያ ምግብ፣ አበባና ሻማ በተደረደረበት መሠዊያ ፊትም ይጨፍራሉ።

የሙዚቃ አጃቢዎቻቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው አርሞኒካ ይነፋል። ሁለተኛው የደረቀ የፈረስ ወይም የአህያ መንጋጋ ይዞ ጥርሶቹን በእንጨት እየፋቀ ያንቀጫቅጫል። ሦስተኛው ደግሞ አፉ በቆዳ የተለበጠ ትልቅ ቅል ታቅፎ፣ በቆዳው መካከል የቆመውን ቀጭን ዘንግ በእጁ እያሸ የአውሬ ማጓራት የሚመስል ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ሰልፉን የሚመራው ፓንቾ ወይም ቴናንጎ የተባለው ዋናው ሰይጣን ሲሆን፣ በእጁ ጅራፍ ይዞ ረድፉን ያስተካክላል፤ ያጠፋውንም ይገርፋል። ከእርሱ ጋር ሚንጋ የምትባል ሚስቱ ትኖራለች፤ ሚንጋ የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ ነው። ዳሌዋን እያወዛወዘች በተመልካቹ መካከል ትዞራለች፣ ወንዶችን ታሾፍባቸዋለች፣ በክንዷም ነጭ አሻንጉሊት ሕፃን ታቅፋ ትታያለች።

ለእንግዳ ሰው ይህ ትርኢት ሳቅና ድንጋጤ የተቀላቀለበት የበዓል ጨዋታ ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። ለኮስታ ቺካ ሕዝብ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር ነው። ከዚህ አገር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከአፍሪቃ በባርነት ተግዘው የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሆኖም የሜክሲኮ መንግሥት የእነዚህን ሰዎች መኖር በሕገ መንግሥቱ የመሰከረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ምዕት ዓመታት ገደማ ስማቸው በመዝገብ አልነበረም፤ በትምህርት ቤት መጽሐፍ እምብዛም አልተጻፈም፤ የራሳቸው የሆነ ልዩ ቋንቋም አልቀረላቸውም። የቀረላቸው እግራቸውና የእግራቸው ትዝታ ነበር። እንግዲህ ይህ ትዝታ እንዴት እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደተደበቀና በመጨረሻም እንዴት የአንድ ሕዝብ ማስረጃ ሆኖ እንደቀረበ መመልከት የሚገባ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጡት

ስፔናውያን በ1521 የአዝቴክን መንግሥት ካፈረሱ በኋላ አዲሲቱ ስፔን ባሉት ግዛት ውስጥ የአገሩ ተወላጅ ሕዝብ በፈንጣጣና በሌሎች ወረርሽኞች፣ እንዲሁም በግዳጅ ሥራ ብዛት እጅግ አለቀ። የብር ማዕድን ጉድጓዶች፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎችና የከብት ርቢ ቦታዎች የሰው ጉልበት ተጠሙ። ከ1580 እስከ 1640 ድረስ የስፔንና የፖርቱጋል ዘውድ በአንድ ንጉሥ ሥር በነበረበት ዘመን፣ የፖርቱጋል ባሪያ ነጋዴዎች ይበልጡን ከአንጎላ ጠረፍ የጫኗቸውን ሰዎች በቬራክሩስ ወደብ አራገፉ። ሐኪምና የሥነ ሰብ ሊቅ የነበረው ጎንሳሎ አጊሬ ቤልትራን የቅኝ ግዛቱን መዛግብት መርምሮ በ1946 ባሳተመው ጥናት እንዳሰላው፣ በ1646 በአዲሲቱ ስፔን 35,089 አፍሪቃውያንና 116,529 ከአፍሪቃውያን የተደባለቁ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዚያው ጊዜ የአውሮፓ ተወላጆች 13,780 ብቻ ነበሩ። ይህ ስሌት እንደሚያሳየው በዚያች አገር የአፍሪቃ ሰው ከአውሮፓ ሰው ይበዛ ነበር ማለት ነው።

ገዥዎቹ ይህን ብዛት ይፈሩ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ዘወትር ከጭፈራና ከስብሰባ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1608 በገና ሰሞን በሜክሲኮ ከተማ ጥቁሮች በአንድ ቤት ተሰብስበው ግብር አበሉ፣ ጨፈሩ፣ ከመካከላቸውም አንዱን ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑለት። ለተሰበሰቡት ሰዎች ምናልባት የበዓል ጨዋታ የነበረው ነገር ለባለሥልጣኖቹ የዐመፅ ዝግጅት ሆኖ ታያቸው፤ ምርመራም ተከተለ። በ1611 ደግሞ አንዲት ባሪያ ሴት በጌታዋ ድብደባ ስትሞት፣ 1,500 ያህል ጥቁሮች አስከሬኗን ይዘው በከተማይቱ ጎዳናዎች በጩኸት ዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት በዐመፅ ሤራ ተከሰው ከሠላሳ የሚበልጡ ወንዶችና ሴቶች በአደባባይ ተሰቀሉ። የጥቁሮች ማኅበራትና ስብሰባዎችም ተከለከሉ። ሐዘንና ደስታ፣ ቀብርና ዘፈን፣ ሁለቱም በገዥው ዓይን አንድ ዓይነት ወንጀል ሆኑ።

ከባርነት የሸሹትም ነበሩ። ያንጋ የተባለው መሪ ከ1570 ገደማ ጀምሮ ተከታዮቹን ይዞ ከቬራክሩስ በስተምዕራብ በሚገኙት ተራሮች መሸገ። በ1609 የዘመተበት የስፔን ጦር ሊያጠፋው ስላልቻለ፣ በመጨረሻ መንግሥቱ ከሸሹት ሰዎች ጋር መደራደር ግድ ሆነበት፤ ለነጻነታቸውም መኖሪያ የሚሆን ሳን ሎሬንሶ የጥቁሮች የተባለች መንደር ተቋቋመች። ይህች መንደር ከ1932 ጀምሮ በራሱ በያንጋ ስም ትጠራለች።

የከብት አርቢዎቹ ጠረፍ

ወደ ኮስታ ቺካ የገቡት አፍሪቃውያን ግን በአብዛኛው የማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም። ስፔናውያን መኳንንት በዚህ ቆላ ሰፊ የከብት ርስት ስለያዙ፣ በፈረስ ላይ ተቀምጠው ከብቱን የሚጠብቁላቸው፣ የአገሩን ነዋሪም የሚቆጣጠሩላቸው ሰዎች ፈለጉ። ለዚህ ሥራ ጥቁሮቹን አመጡ። ከሌላ አገር የሸሹ ባሮችም የርስቱ ባለቤቶች የሰው እጥረት ስላለባቸው ብዙ እንደማይጠይቋቸው አውቀው መጡ። እንዲህ ሆኖ በአንድ በኩል ባሪያ፣ በሌላ በኩል ፈረሰኛና ነፃ የሚመስል እረኛ የሆነ ኅብረተሰብ በዚህ ጠረፍ ተፈጠረ። ከአገሬው የሚሽቴክና የአሙስጎ ሕዝብ ጋርም አንዳንዴ እየተጣላ፣ አንዳንዴ እየተጋባ ኖረ።

የሰይጣኖቹ ጭፈራ ትርጉም ግልጽ የሚሆነው ይህ ሁኔታ ሲታወቅ ነው። በትርኢቱ ላይ የሚታየው ዕቃ ሁሉ ከከብት ርስት የተገኘ ነውና። ጢሙ የፈረስ ጭራ ነው፤ የሚፋቀው መንጋጋ የጋማ ከብት አጥንት ነው፤ ራሱ ላይ ያለው ቀንድ የእንስሳ ቀንድ ነው። እንደ አውሬ የሚያጓራው ቅልም ቲግሬራ፣ የነብር መጥሪያ እንደ ማለት፣ የሚል ስም አለው፤ በከብቱ ላይ አደጋ የሚጥለውን የዚያን አገር ነብር፣ ጃጓር የሚሉትን፣ በድምፅ አታልሎ ለማውጣት ያገለግል እንደነበር ይነገራል። ጅራፍ ያለው ፓንቾ የርስቱ አለቃ ነው። ሚንጋ የአለቃው ሚስት ነች። በክንዷ ያለው ነጭ ሕፃን ግን ለጥቁሩ አለቃ ከየት መጣለት? ተመልካቹ በዚህ ጊዜ ይስቃል፤ ጭፈራው ያነሣውን ጥያቄ ግን ሁሉም ያውቀዋል። በርስቱ ጌታና በሥሩ ባሉት ሴቶች መካከል ይደረግ የነበረውን፣ በመዝገብ ያልተጻፈውንና በፍርድ ቤት ያልተከሰሰውን በደል አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት በዓመት አንድ ጊዜ ይመሰክርበታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው ነው።

የመንደሩ ሰዎች ሲያስረዱ፣ ጭፈራው ከጥንት ጀምሮ ሩሃ ለተባለ የጥቁሮች አምላክ፣ ከባርነት እንዲያወጣቸው ይቀርብ የነበረ ልመና ነው ይላሉ። ተመራማሪዎች ደግሞ በትርኢቱ ውስጥ የስፔን ካቶሊካውያን የሰይጣን ጨዋታ፣ የአገሬው ተወላጆች የሙታን በዓልና የአፍሪቃውያን የእግር ምትና የሙዚቃ መሣሪያ አንድ ላይ ተሸምነው እንደሚገኙ ይናገራሉ። በቆዳ የተለበጠና በመታሸት የሚጮህ ከበሮ በማዕከላዊ አፍሪቃ እንደሚታወቅ ሁሉ በስፔንም የታወቀ ነው። ስለዚህ ጭፈራውን ከአንጎላ ተነሥቶ ሳይለወጥ የደረሰ ዕቃ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ሰባኪው ሰይጣን ጥቁር ነው ብሎ ባስተማረበት አገር፣ ጥቁሩ ራሱ የሰይጣንን ጭምብል አጥልቆ በአለቃው ጅራፍ መሳለቁ በሜክሲኮ ምድር የተፈጠረ አዲስ ነገር ነው።

የእንጨቱ ከበሮ

ከሰይጣኖቹ ጭፈራ ሌላ የዚህ ጠረፍ መለያ የሆነው አርቴሳ ነው። አርቴሳ ማለት ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ የተሠራ ትልቅ ገንዳ ሲሆን፣ ተገልብጦ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በአንደኛው ጫፉ የበሬ ወይም የፈረስ ራስ፣ በሌላው ጫፍ ጭራው ተቀርጾበታል። በሠርግ ቀን ጥንዶች ባዶ እግራቸውን በላዩ ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ የእግራቸው ምት እንደ ትልቅ ከበሮ ያስተጋባል፤ ጨፋሪው በአንድ ጊዜ ጨፋሪም ከበሮ መቺም ይሆናል። ከበሮ መሰብሰቢያ ነው ተብሎ በተጠረጠረበት አገር እግር የከበሮን ሥራ ወስዶ መሥራቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በጀርባውም ላይ የሚወጡበት እንስሳ ያው የርስቱ ከብት መሆኑ አይዘነጋም።

አጊሬ ቤልትራን በኩዋሂኒኩዊላፓ ከተማ በ1948ና በ1949 ጥናት አድርጎ በ1958 «ኩይላ» የሚል መጽሐፍ ሲያወጣ አርቴሳን ጠቅሶታል። ከዚያ በኋላ ግን የናስ መለከት ባንዶችና ሸክላ ማጫወቻዎች ሠርጉን ስለ ወሰዱት አርቴሳ ሊጠፋ ተቃረበ። በ1980ዎቹ በሳን ኒኮላስና በኤል ሲሩኤሎ መንደሮች ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን ለወጣቶቹ እያሳዩ እንደገና አስነሡት። ትናንት በየሠርጉ ይጨፈር የነበረው ግን ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በመድረክና በባህል በዓል የሚታይ ሆነ። መጥፋት አንድ ጉዳት ነው፤ ከኑሮ ወጥቶ ወደ መድረክ መውጣትም ሌላ ዓይነት ጉዳት አለው። ይህን ነገር ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ቬራክሩስና የተከለከለው ዘፈን

በአትላንቲክ በኩል፣ በቬራክሩስ ግዛት፣ የአፍሪቃውያን አሻራ የተገኘበት መንገድ ለየት ያለ ነው። በ1766 ከሃቫና የመጡ መርከቦች ቹቹምቤ የሚባል ዘፈንና ጭፈራ ይዘው ወደ ወደቡ እንደ ደረሱ ለሃይማኖት መርማሪው ችሎት፣ ለኢንኲዚሽን፣ ክስ ቀረበ። ክሱ እንደሚለው ዘፈኑ በመነኮሳትና በቀሳውስት ላይ የሚቀልድ፣ ጭፈራውም ሆድ ለሆድ የሚያነካካ ሲሆን፣ የሚጨፍሩትም ጥቁሮችና ክልሶች፣ ወታደሮችና መርከበኞች ነበሩ። ችሎቱ ዘፈኑን ከለከለ፤ የተከለከለውን ነገር ለመለየት ሲባልም ግጥሙ ተጽፎ ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። ዘፈኑ ከሰዎች አፍ ጠፋ፤ በከልካዮቹ ሣጥን ውስጥ ግን ተጠብቆ ቆየ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሙዚቀኞች ቹቹምቤን መልሰው የዘፈኑት ከዚህ የክስ መዝገብ ባገኙት ግጥም ላይ ዜማ አውጥተውለት ነው።

ከዚህ ዓይነቱ የወደብና የእርሻ ሕይወት ሶን ሃሮቾ የተባለው የቬራክሩስ ሙዚቃ አደገ። ትንንሽ ክራር መሰል ጊታሮች፣ የአህያ መንጋጋ፣ በእንጨት መድረክ ላይ የሚመታ እግር፣ መሪው ሲያወጣ ሌላው የሚቀበለው ዘፈን አንድ ላይ ሆነው ፋንዳንጎ የሚባለውን የሌሊት ጭፈራ ይሠራሉ። ሃሮቾ የሚለው ቃል ራሱ በመጀመሪያ የጥቁርና የአገሬው ክልስ የሆነውን ባላገር ለማንቋሸሽ የተሰጠ ስም ነበር፤ በኋላ የግዛቱ ሰው ሁሉ የሚኮራበት ሆነ። ከእነዚህ ዘፈኖች አንዱ የሆነውን ላ ባምባን የቬራክሩስ ተወላጁ ሚጌል አሌማን በ1946 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የምርጫ ዘመቻው ዜማ አደረገው። በ1958 ደግሞ ሪቺ ቫሌንስ በአሜሪካ በሮክ ስልት ዘፍኖት በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ሆኖም ዘፈኑ እየታወቀ ሲሄድ ባለቤቱ እየተረሳ ሄደ። በ1952 በተቋቋመው የአማሊያ ኤርናንዴስ የባህል ባሌትና በሌሎች መሰል ቡድኖች መድረክ ላይ ፋንዳንጎ በነጭ ዳንቴል ልብስ የተዋበ የብሔራዊ ኩራት ትርኢት ሆነ። የእርሻው ላብ፣ የሌሊቱ ርዝመት፣ የጥቁሩም ስም ከዚያ መድረክ ጎድለዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም በ1977 የተመሠረተው ሞኖ ብላንኮ የተባለው ቡድንና ከ1979 ጀምሮ በትላኮታልፓን ከተማ የሚደረገው የጊታረኞች ጉባኤ ወደ ገጠሩ ፋንዳንጎ እንደገና መለስ እንዲባል አድርገዋል።

እንዴት ሊጠፉ ቻሉ?

የጥቁሮቹ ከመዝገብ መጥፋት በጭካኔ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከፊሉ በመልካም ሐሳብ የመጣ ነው። በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ በ1810 ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ ባርነት እንዲቀር ዐወጀ። እርሱን የተኩት መሪዎች፣ ሆሴ ማሪያ ሞሬሎስና ቪሴንቴ ጌሬሮ፣ ራሳቸው የአፍሪቃ ደም ያለባቸው ነበሩ፤ ከተከታዮቻቸውም ብዙዎቹ የዚሁ ሞቃት ጠረፍ ሰዎች ናቸው። ነጻይቱ አገር በ1822 ሰዎች በየዘራቸው እየተለዩ በመዝገብ እንዳይጻፉ ደነገገች። ጌሬሮ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1829 ባርነትን በዐዋጅ ሻረ፤ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደ፣ በ1831ም ተረሸነ። ዜጎች ሁሉ እኩል ሲባሉ «ጥቁር»፣ «ክልስ» የሚሉት የማዋረጃ ስሞች ተሰረዙ፤ ከስሞቹ ጋር ግን ታሪካቸውም አብሮ ተሰረዘ። እኩልነቱ በወረቀት ሲኖር፣ ስም የሌለው ሰው ስለ በደሉ የሚጮህበት ቃል አጣ።

ከ1910 አብዮት በኋላ የመጣው አስተሳሰብ ይህንኑ አጠነከረ። ሆሴ ቫስኮንሴሎስ በ1925 ባወጣው መጽሐፉ የላቲን አሜሪካን ሕዝብ ከዘሮች ሁሉ መቀላቀል የሚወለድ አዲስ ዘር አድርጎ አወደሰ። በተግባር ግን ሜክሲኮ ራስዋን የምትገልጸው የአገሬው ተወላጅና የስፔናዊው ልጅ አድርጋ ነበር። በ1921 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ለተወላጅ፣ ለድብልቅና ለነጭ ቦታ ሲዘጋጅ ለጥቁር የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም።

በዚህ ረገድ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወርራ በ1936 አዲስ አበባን ስትይዝ፣ የፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ መንግሥት ወረራውን ሕጋዊ አድርጎ ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ ሲኖር፣ በሜክሲኮ ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና ከ1980 ጀምሮ የአንበሳ ራስ ምልክት ያለበት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ይህ ውለታ የሚዘነጋ አይደለም። ይሁን እንጂ በጄኔቭ ስለ አንዲት የአፍሪቃ አገር መብት በድፍረት የተናገረ መንግሥት በራሱ ጠረፍ ያሉትን የአፍሪቃ ልጆች በስማቸው የማይጠራ መሆኑ የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል። የሩቁን ጥቁር ማየት ቀላል ነበር፤ የቅርቡ ግን «የለም» ተብሎ ነበርና።

ይህ አለመኖር በኑሮ ላይ ያስከተለው ጉዳት ብዙ ነው። የኮስታ ቺካ ሰዎች ከመንደራቸው ርቀው ሲጓዙ ፖሊሶች የውጭ አገር ሰዎች ናችሁ እያሉ እንደሚይዟቸው፣ ሜክሲኳዊ መሆናቸውንም እንዲያረጋግጡ ብሔራዊውን መዝሙር እንደሚያዘምሯቸው ደጋግመው መስክረዋል። በ2005 የሜክሲኮ ፖስታ ቤት ሜሚን ፒንጊን የተባለውን፣ ከንፈሩ ተጋኖ የተሳለ ጥቁር ልጅ የካርቱን ምስል በቴምብር ሲያወጣ ከውጭ አገር ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ በአገር ውስጥ ግን ብዙዎች ንጹሕ ጨዋታ ነው ብለው ተከራከሩ።

ጭፈራው ምስክር ሲሆን

የሜክሲኮ መንግሥት ተወላጅ ሕዝቦችን ለረጅም ጊዜ የለየው በቋንቋቸው ነበር። ጥቁሮቹ ግን የሚናገሩት ስፓኝኛ ነው። ሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነው። ምግባቸውና እርሻቸውም ከጎረቤቶቻቸው ብዙ አይለይም። ስለዚህ «ሕዝብ ነን» ብለው ሲነሡ «ልዩነታችሁ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። መልሳቸውም በአብዛኛው ጭፈራቸው ሆነ።

በ1989 የመንግሥቱ የባህል ምክር ቤት አፍሪቃን የሜክሲኮ ሦስተኛ ሥር ብሎ የሚያጠና ፕሮግራም ጀመረ። በ1997 ደግሞ በኤል ሲሩኤሎ መንደር ያገለግሉ የነበሩት የትሪኒዳድ ተወላጅ ካቶሊካዊ ቄስ ግሊን ጀሞት ኔልሰንና የመንደሮቹ ሰዎች የመጀመሪያውን የጥቁር ሕዝቦች ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው ከዚያ ወዲህ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ይካሄዳል፤ ቀን ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሕግ ይመከርበታል፤ ሰይጣኖቹና አርቴሳም ይቀርቡበታል። ምክሩና ጭፈራው በአንድ ቦታ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። አንደኛው መብቱን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ጠያቂው ማን እንደ ሆነ ይናገራል።

ውጤቱም ቀስ በቀስ ታየ። በ2015 የመንግሥቱ የስታቲስቲክስ ድርጅት ባደረገው ጥናት ላይ ሰዎች በባህላቸው፣ በታሪካቸውና በልማዳቸው ራሳቸውን ጥቁር ወይም አፍሮ ሜክሲኳዊ አድርገው ይቆጥሩ እንደ ሆነ ተጠየቁ፤ 1,381,853 ሰዎች አዎን አሉ። ይህም ከሕዝቡ 1.2 በመቶ ነው። በኦገስት 2019 አፍሮ ሜክሲኳውያን የአገሪቱ የብዙ ባህል አካል መሆናቸው በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ ተጻፈ። በ2020 ቆጠራ ቁጥሩ 2,576,213 ደረሰ፤ ይህም 2 በመቶ ነው። ከግዛቶቹ መካከል ከፍተኛው ድርሻ በጌሬሮ 8.6 በመቶ፣ ቀጥሎም በዋሃካ 4.7 በመቶ ሆነ። የጌሬሮ ግዛት የተሰየመው በዚያው ባርነትን በሻረው ፕሬዚዳንት ስም መሆኑ ሊታወስ ይገባል። በሴፕቴምበር 2024 በተደረገ ሌላ የሕገ መንግሥት ማሻሻያም እነዚህ ሕዝቦች እንደ ተወላጅ ሕዝቦች ሁሉ በሕግ ፊት የመብት ባለቤት ሆነው ታወቁ። የመልስ ሰጪዎቹ ቁጥር በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ያደገው በመዋለድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቀድሞም የነበረ ሰው ስሙን በአደባባይ ለመጥራት ስለ ደፈረ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ድል ዋጋም አለው። ጭፈራ ማስረጃ ሲሆን አስመርማሪና መርማሪ ይመጣሉ። በመንግሥት በዓል ላይ የሚጋበዙት ሰይጣኖች በመድረክ ላይ አሥር ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ የሙታን መሠዊያ ግን በመድረኩ ላይ የለም። ቱሪስት የሚያደንቀው «አፍሪቃዊ» የመሰለውን ነው፤ ስለዚህም ጭምብሉ እየተጋነነ፣ ከበሮው እየበዛ ሊሄድ ይችላል። ከቺሊ መርከበኞች እንደ መጣ የሚነገረው፣ መሐረብ እያውለበለቡ የሚጨፍሩት ቺሌና፣ ለኮስታ ቺካ ሰው ከሰይጣኖቹ የማይተናነስ የራሱ ሀብት ነው፤ ነገር ግን «ጥቁርነቱ» አይታይም ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በሰሜን ሜክሲኮ በኮዋዊላ ግዛት የሚኖሩት ማስኮጎዎች ደግሞ ከአሜሪካ ባርነት ሸሽተው ከሴሚኖሎች ጋር በ1850 ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቻቸው በቀብርና በገና ጊዜ እያጨበጨቡ የሚዘምሩት መዝሙር በእንግሊዝኛ ነው። እነርሱም ጥቁር ሜክሲኳውያን ናቸው፤ ጭፈራቸው ግን ሰይጣኖቹን አይመስልም። አንድን ሕዝብ በአንድ ትርኢት ብቻ መለካት ሌላውን ወገን እንደገና መሰረዝ ይሆናል።

በሌላ በኩል ጥቁሮችን የሚያስታውሱት ጥቁሮች ብቻ አይደሉም። በቬራክሩስ ግዛት በፓፓንትላ አካባቢ የሚኖሩት የቶቶናክ ተወላጆች የትንንሾቹ ጥቁሮች ጭፈራ የሚሉት አላቸው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ በሸንኮራ እርሻ ውስጥ እባብ የነደፈውን ልጇን አንዲት ጥቁር እናት በአገሯ ሥርዓት በጭፈራና በጸሎት ስታድነው ተወላጆቹ አይተው ጭፈራውን ከእርሷ ተማሩ። ባለርስቱ የጥቁሮቹን ስም ሳይመዘግብ ሲቀር፣ አብሯቸው ያረሰው ድኻ ጎረቤት ሐዘናቸውን በራሱ እግር መዘገበው። ይህ ደግሞ መድረክና ቱሪስት ከመምጣታቸው በፊት የተደረገ ምስክርነት ነው።

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው፣ የኮስታ ቺካ ሰይጣኖች ለማንም ባለሥልጣን ማስረጃ እንዲሆኑ ታስበው አልተጀመሩም። ስማቸው በማይጻፍበት ዘመን ሙታናቸውን ለማሰብና በአለቃቸው ላይ ለመሳቅ ጨፈሩ። ሕገ መንግሥቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ መንገድ፣ ጤና ጣቢያና የልጆቻቸው የትምህርት መጽሐፍ ግን ከዚያ ስም ጋር አብረው በራሳቸው የሚመጡ ስላልሆኑ ጉባኤው ገና አላበቃም። ጭፈራውም እንዲሁ አላበቃም። በየመንደሩ ሕፃናት የራሳቸው ትንንሽ የሰይጣን ቡድን አላቸው፤ ከካርቶን የሠሩትን ጭምብል አጥልቀው ጎንበስ ብለው መሬቱን መምታት ይማራሉ። የሙታን ቀን ሲደርስ ፓንቾ ጅራፉን ያነሣል፤ ሚንጋም ነጩን ሕፃን ታቅፋ በየደጁ ትቆማለች፤ ያን የድሮ ጥያቄዋንም እየሳቀች ደግማ ትጠይቃለች።